በትንሿ ተለማምዶ በትልቋ መፈተን

አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደወለና፣ ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳይጨርስ፣ «ሽጉጥ ታጠቅህ የሚባለው እውነት ነው እንዴ?» አለኝ።

«እውነት ነው» አልኩት።

«ወይ ጉድ! የፋሲካ ዶሮ ሲታረድ ጓሮ ሄደህ የምትደበቀው ሰውዬ?»

ምን ይባላል? እውነቱን ነው። እኛ ቤት ለበዓል ዶሮ የሚያርደው የጎረቤት ልጅ ነበር። እኔ ደም ሳይ ጉልበቴ የሚከዳኝ፣ ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ አጥር ለአጥር ታክኬ ወደ ቤቴ የምገባ ሰው ነበርኩ። ዛሬ ግን ጥይቷን ስትጎርስ አንድ ኪሎ ገደማ የምትመዝን ብረት ቀበቶዬ ላይ አንጠልጥዬ ሌሊቱን ሙሉ እቆማለሁ። ስደት ደግሞ የማያስይዘው ነገር የለም።

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ባለ አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ነው። የሌሊት ጥበቃ። በዚህ አካባቢ ያለው ወገናችን ሲመጣ የሚጀምርባቸው ሥራዎች ይታወቃሉ፤ ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ጥበቃ። ጥበቃው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ባዶ እጁን የሚቆም አለ፤ ታጥቆ የሚቆም አለ። ታጥቆ ለሚቆመው በሰዓት ጥቂት ዶላር ይጨመርለታል። ያቺ ጥቂት ዶላር በወር ስትጠራቀም የልጆች መዋያ ትከፍላለች፤ ወይም ለእናት ትላካለች። ጀግንነት አይደለም እንግዲህ፤ ሒሳብ ነው።

ታዲያ ዝም ብሎ መታጠቅ የለም። በቨርጂኒያ ሕግ መሣሪያ ይዞ የሚጠብቅ ሰው መሠልጠንና መመዝገብ አለበት፤ ከዚያም በየዓመቱ የተኩስ ፈተና ይፈተናል። የሚያስቀው ደግሞ ይህ ሁሉ ፈቃድ ወንዙ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ያቺኑ ሽጉጥ እንደታጠቅሁ ድልድዩን ተሻግሬ ዲሲ ብገባ፣ ወዲህ ማዶ እንጀራዬ የሆነችው ወዲያ ማዶ ወንጀሌ ትሆናለች። አንድ ሽጉጥ፣ አንድ ሰው፣ ሁለት ሕግ!

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሕጉ አይደለም። አንድ ዓመት ፈተና ስለወደቅሁበት ምክንያት ነው።

ሥራ ላይ የምይዛት ሽጉጥ 9 ሚሊ ሜትር ነች። ይህቺ ጥይት ዕድሜ ጠገብ ነች። ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ሉገር ለጀርመኑ ኩባንያ የሠራት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ዛሬም በዓለም ላይ ፖሊሱም ወታደሩም በብዛት የሚይዘው እሷኑ ነው። «ፓራቤለም» የሚለው ስሟ የመጣው «ሰላም ከፈለግህ ለጦርነት ተዘጋጅ» ከሚለው የላቲን አባባል ነው። እኔም እንግዲህ ሰላም ፈልጌ ነበር መዘጋጀት የጀመርኩት። ነገር ግን መዘጋጀት ዋጋ አለው። ሃምሳ ፍሬ የያዘች ፓኮ በደህና ጊዜ 14 እና 15 ዶላር ነች። ተኩስ ሜዳ ደርሶ ሁለት ፓኮ መጨረስ ደግሞ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው። የመለማመጃ ቦታውን ኪራይ፣ የዒላማውን ወረቀት ስትጨምሩበት፣ አንድ ቅዳሜ የአንድ ሳምንት አስቤዛ ይበላል።

በ2020 ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ወረርሽኙ፣ የጎዳናው ሁከትና ምርጫው ተደራረቡና አሜሪካዊው በሙሉ ሽጉጥ ገዢ ሆነ። ጥይት ከመደርደሪያ ላይ ጠፋ። ያቺው የ15 ዶላር ፓኮ 40 ዶላር ስትባል በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሷም ከተገኘች ነው። ባለቤቴ የባንክ ወረቀቱን እያየች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወረቀት ለመብሳት ይህን ያህል ታወጣለህ? መብሻ ልግዛልህ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ብልጠት የመጣልኝ።

.22 የምትባል ትንሽ ጥይት አለች። ቁጥሩ የአፈሙዟን ስፋት ነው የሚናገረው፤ ከአንድ ኢንች መቶ እጅ 22ቱ፣ ወደ 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ ልጆቻቸውን ተኩስ የሚያስተምሩባት፣ ጥንቸልና ሽኮኮ የሚያድኑባት እሷን ነው። ከአፈሙዙ የሚወጣው እርሳስ ሁለት ግራም ተኩል ቢመዝን ነው፤ የ9 ሚሊ ሜትሯ ሰባት ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል። ጉልበታቸው ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያል። ዋጋዋስ? ሃምሳ ፍሬ በአራት አምስት ዶላር! በዚያ በክፉ ቀን እንኳን ብትወደድም እንደ ታላቋ ሰማይ አልነካችም።

ሽጉጥ ሠሪዎቹም ብልጦች ናቸው። የትልቋን መልክ፣ መጠንና አያያዝ አስመስለው በ.22 የምትሠራ ሽጉጥ ያወጣሉ። አንዷን ገዛሁ። ጨለማ ውስጥ በእጅ ቢዳስሷት ከሥራዋ ሽጉጥ ለመለየት ታስቸግራለች። ቀለል ማለቷ ብቻ ነው።

እህ! ምን ልበላችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ በየቅዳሜው ገነት ገባሁ። ትንሿ ስትተኩስ «ጧ» ትላለች እንጂ አታስደነግጥም። እጅ ላይ አትዘልም። አንዱን ቀዳዳ በአንዱ ላይ እየደራረብኩ ወረቀቱ መሐል በርበሬ የተነሰነሰ አስመሰልኩት። ዒላማዬን ወደ ቤት እየወሰድኩ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ያመጣችው ሥዕል ተነስቶ የኔ ወረቀት ተለጠፈ። ባለቤቴ ሁለቱንም እያየች ምንም አላለችም፤ ማታ ላይ ግን የኔን አንስታ የልጅቷን መለሰች።

ደግሞ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ትንሿ ብዙ ነገር አስተምራኛለች። ቃታ በጥፍር ሳይሆን በጣት ልብ ቀስ ተደርጎ እንደሚሳብ፣ ዓይን ዒላማው ላይ ሳይሆን አፈሙዙ ጫፍ ላይ ባለችው ማነጣጠሪያ ላይ መዋል እንዳለበት፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ የተማርኩት በእሷ ነው። አንዳንዴ ሳትተኩስ ትቀራለች። እሳቷ የሚነሳው ከቀለሃው ጠርዝ ስለሆነ መክሸፍ ታበዛለች። ስትከሽፍብኝ እጄን አየው ነበር። ንቅንቅ አይልም። «አሁንስ እጄ ረጋ፤ ተኳሽ ሆኛለሁ» አልኩ።

የፈተናው ቀን ደረሰ።

የሚፈተኑት ሥራ ላይ በሚይዙት መሣሪያ ነው። የሰው ቅርጽ ያለበት ወረቀት ፊቴ ተሰቀለ። ጆሮዬን ሸፈንኩ፤ መነጽሬን አደረግሁ። የመጀመሪያዋን ተኮስኩ። «ድው!» አለች። እጄ ላይ ዘለለች። አቤት! ለካ እንዲህ ነበረች? ሁለተኛዋን ስተኩስ እጄ አስቀድሞ አውቋታል። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ... ወረቀቱ ሲቀርብልኝ ቀዳዳዎቹ ከመሐሉ ሸሽተው ወደ ታችና ወደ ግራ ተሰደዋል። ነጥቡ አልሞላም። ወደቅሁ።

ፈታኙ ደግ ሰው ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይተህ ትደግማለህ አለኝ። እስከዚያ ግን ታጥቄ መቆም አልችልም፤ ባዶ እጄን የምቆምበት ቦታ በአነስተኛው ደመወዝ ተሰጠኝ። ሁለተኛውንም ብወድቅ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። የቤት ኪራይ አለ፤ ለእናቴ በየወሩ የሚላክ አለ። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ትዝ ሲለኝ እኔው በራሴ አፈርኩ።

ሰውዬው የምለማመደው በምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ስለ ኒውሆል አጫወተኝ። ኒውሆል ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለች ቦታ ነች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1970፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ አራት የአውራ ጎዳና ፖሊሶች ከሁለት የታጠቁ ወንበዴዎች ጋር ተታኩሰው፣ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አራቱም ሞቱ። አራቱም ሃያዎቹን ገና ያላጋመሱ፣ ሥራው ላይም ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ። ነገሩ ሲመረመር ከወጡት ብዙ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። .357 ማግነም የምትባለው ሽጉጥ የእሷን ጥይት ብቻ ሳይሆን ደከም የምትለውን .38ንም ትጎርሳለች። ልጆቹ ይለማመዱ የነበረው በደካማዋ .38 ነው። በዚያች ሌሊት ከተኮሱት መሐል ግን አፈሙዛቸው ውስጥ የነበረው ኃይለኛው ማግነም ነበር። ብልጭታው ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ርግጫው ሌላ። እርግጥ እነሱን የገደላቸው ይህ ብቻ አልነበረም፤ አቋቋማቸውም፣ አቀራረባቸውም፣ ሥልጠናቸው ራሱ ጎደሎ ነበር። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ትምህርት ሆኖ ቀረ፤ የምትይዘውንና የምትለማመደውን አታለያይ።

«አንተ የወደቅኸው ወረቀት ፊት ነው፤ ዕድለኛ ነህ» አለኝ ፈታኙ።

እኛ ሥራ ቦታ አንድ ሽማግሌ አሉ። በቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ስለነበሩ ሐበሻው ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚላቸው። ስለ ጦርነት ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ ልጅ ልጃቸው ግን ያወራሉ። መውደቄን ሲሰሙ፣ «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን እንሂድ» አሉኝ።

ሄድን። ሁለቱንም ሽጉጦች ይዣለሁ። ትንሿን አይተው ሳቁ። «በላ፣ በሷ ተኩስ» አሉኝ። ተኮስኩ፤ ያው እንደ ልማዴ መሐል መሐሉን። «በሷ ጎበዝ ነህ» አሉና ወደ ጎን አስቀመጧት። ከዚያ የትልቋን ካዝና ተቀብለው ጀርባቸውን አዙረው ጎረሱልኝ። ያጎረሱትን አላየሁም።

አነጣጠርኩ። ቃታውን ሳብኩ። «ድው!»

እንደገና። «ድው!»

እንደገና። «ቀጭ» ብቻ። ጥይት አልወጣም። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ጥይት ሳይወጣ፣ ርግጫ ሳይኖር፣ አፈሙዙ በራሱ ጊዜ ዘጭ ብሎ ወደ ታች ወረደ። አጠገቤ ሰው ባይኖር አላምንም ነበር። ሽጉጧ ምንም አላደረገችም። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

«አየህ?» አሉኝ። «መሐል መሐል ላይ የውሸት ጥይት ቀላቅዬብሃለሁ። ሽጉጧ ሳትደነግጥ አንተ ትደነግጣለህ። ልትመታህ ነው ብለህ ቀድመሃት ትገፋታለህ። ስለዚህ ወደ ታች።»

«በትንሿ ግን እጄ እርግት ያለ ነው እኮ ሃምሳ አለቃ!»

«ትንሿ መች አስደነገጠችህ? የማያስደነግጥ ነገር ፊትማ ማን ይደነግጣል?»

ይህቺ ንግግራቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ዓመቱን ሙሉ የተለማመድኩት መተኮስ ነበር፤ መፍራትን አልተለማመድኩም። ፍርሃቴ ደግሞ የትም አልሄደም። ትንሿ ስላልቀሰቀሰችው ብቻ ተኝቶ ነው የከረመው። እኔ መተኛቱን መሞቱ መስሎኝ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም።

«ታዲያ ትንሿን ልሽጣት?» አልኳቸው።

«ለምን ትሸጣለህ?» አሉ። «እኔ ታጠቅ ስሠለጥን መጀመሪያ የሰጡኝ ጠመንጃ የእንጨት ነው። በእንጨት ነው ተሸክሞ መሮጥ የተማርኩት፣ በእንጨት ነው ተኝቶ ማነጣጠር የተማርኩት። ብዙ ጠቅሞኛል። ግን እንጨት መሆኑን አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። አንተ የረሳኸው እሱን ነው።»

የድሮ ሰው በጥይት አይቀልድም። በአያቶቻችን ዘመን ጥይት ማለት ገንዘብ ነበር፤ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ የውጅግራ ጥይትም ገበያ ላይ ለመገበያያ ያገለግል ነበር። ውጅግራ የምንላት እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነችው የፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» ነች። እንግዲህ ጥይት በግና ጨው በሚገዛበት አገር ማን ዒላማ ይለማመዳል? ባላገሩ የሚተኩሳት አንዷም ብትሆን የምር ነበረች። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ነን። ርካሽ ጥይት በሺህ እየተኮስን፣ የምሩ ሲመጣ ባዕድ ይሆንብናል።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ዙሪያዬን ሳይ ይህ ነገር የሽጉጥ ብቻ መስሎ አልታየኝም። አንድ የማውቀው ልጅ እዚህ አገር አምስት ዓመት ተቀምጦ እንግሊዝኛውን የሚለማመደው ከእኛው ከሐበሾች ጋር ነው። ከኛ ጋር ሲሆን ይንበለበላል። ስንሳሳት አብረን እንሳሳታለን፤ ሳይገባን ሲቀር በአማርኛ እንሞላዋለን። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ፈረንጅ ፊት ሲቀመጥ ግን ስሙን መናገር አቃተው። «ቋንቋው ጠፋብኝ» ብሎ ሲያዝን ነበር። ቋንቋው የት ይጠፋል? ያልነበረው ፈረንጁን መልመድ ነው።

ሌላም አለ። በስልክ ሦስት ዓመት የተዋደዱ ጥንዶች አውቃለሁ። እሷ አዲስ አበባ፣ እሱ እዚህ። በየማታው «ናፈቅሽኝ»፣ «ናፈቅኸኝ»። ሲኮራረፉ ስልኩን ይዘጉታል፤ በማግስቱ ይታረቃሉ። ሦስት ዓመት አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም ተብሎ ተመሰገነላቸው። እሷ መጥታ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አብረው ሲገቡ፣ ለካ የሚዘጋ ስልክ የለም! አንዱ ሲያኮርፍ ሌላው የሚሄድበት የለም። ስምንት ወር አልቆዩም። ፍቅራቸው ውሸት ነበር አልልም። የተለማመዱት ግን በትንሿ ነበር።

ወደ ራሴ ልመለስ። በቀሩኝ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሃምሳ አለቃ ሦስት ጊዜ ወሰዱኝ። ልምምዳችን ቀላል ነበር። መጀመሪያ በትንሿ ሃያ ሠላሳ ጥይት፤ እጅና ዓይን እንዲሟሟ። ከዚያ የቀረው በትልቋ፣ የውሸት ጥይት እየተቀላቀለ፤ «ቀጭ» ስትል አፈሙዙ ንቅንቅ እስከማይል። ቤት ውስጥ ደግሞ ጥይት አውጥቼ፣ ደግሜ አረጋግጬ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቃታ መሳብ ብቻ። ባለቤቴ አንድ ማታ ሳሎን መጥታ አየችኝና፣ «ለሷ የምትሰጣትን ያህል ትዕግሥት ለኛም ብትሰጠን» ብላ ተመለሰች። ይህም ልምምድ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ። በብዙ አይደለም፤ ግን አለፍኩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በክረምት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከሕንፃው ሥር ያለውን የመኪና ማቆሚያ እየዞርኩ ነበር። አንዱ መብራት ተቃጥሏል። ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ሰው ብቅ አለ። ኮፍያውን ፊቱ ድረስ ጎትቶታል። «ቁም!» አልኩት። አልቆመም። እየተቻኮለ ወደ እኔ መጣ። ደገምኩ። በዚህ መሐል እጁን ከጃኬቱ ውስጥ አወጣ። ጥቁር ነገር ይዟል።

እጄ ሽጉጤ ላይ ነበር። የጨበጥኳት እንደተማርኩት ነው፤ ጣቴ ቃታው ላይ ሳይሆን ጎኗ ላይ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ሁለት ሰከንድ? ሦስት? ሕይወቴን በሙሉ እንደዚያ ከብዳኝ የምታውቅ ዕቃ የለችም። አንድ ኪሎ የምትመዝነው ሽጉጥ ያቺን ሌሊት ኩንታል ነበረች። ከምሰሶው ጎን ተከልዬ ሦስተኛ ጊዜ በቻልኩት ድምፅ ጮህኩ።

ልጁ ቆመ። የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። ልጅ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ጥቁሩ ነገር ስልኩ ነበር። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ቁልፌን ረስቼ ነው፤ እናቴ ስልክ አታነሳም» አለኝ። ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ ከታናሽ እህቱ ጋር ሲወጣና ሲገባ አይቼዋለሁ።

በር ከፈትኩለት። «ደህና እደሩ» ብሎኝ ገባ። ምን እንደተረፈ አላወቀም፤ እኔም ምን እንደተረፍኩ የገባኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሻይ ልጠጣ ስል ነው። ኩባያውን መያዝ አልቻልኩም።

ጠዋት ሃምሳ አለቃ ሊተኩኝ ሲመጡ ነገርኳቸው።

«አወጣሃት?» አሉ።

«አላወጣኋትም።»

«እሰይ» አሉና ዝም አሉ። ኮታቸውን ሰቀሉ፤ መዝገቡ ላይ ፈረሙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው፣ ስለ ጦርነት ሲናገሩ የሰማሁበትን ብቸኛ ቃል ተናገሩ።

«ከታጠቅ ወጥቼ ግንባር ስሄድ የፈራሁት፣ የምሩ ጠመንጃ ከእንጨቱ ይከብዳል ብዬ ነበር። ጠመንጃው አልከበደኝም፤ ለመድኩት። የከበደኝ በማግስቱ ነው። እስካሁንም አልለመድኩትም።»

ፈታኙ «የምትይዘውንና የምትለማመደውን አታለያይ» ብሎኝ ነበር። ልክ ነው፤ ዛሬም ምክሩን እጠብቃለሁ። ግን ያን ጠዋት ወደ ቤቴ እየነዳሁ ሳስበው፣ ያቺ የታጠቅኋት 9 ሚሊ ሜትር ራሷ ወረቀት ፊት ስትሆን ትንሿ ነች። ወረቀት እናት የለውም። ወረቀት ቁልፍ አይረሳም። የትልቋን ትልቅነት ያወቅሁት ፈተናው ላይ ሳይሆን ያን ሌሊት ምሰሶው ጋ ነው፤ ለዚያኛው ደግሞ የትኛውም ሱቅ የመለማመጃ ጥይት አይሸጥም።

ቤት ስደርስ ልጆቹ ለትምህርት ቤት እየለበሱ ነበር። ሽጉጧን ሳጥኗ ውስጥ ቆልፌ፣ እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤ መጣሁ። ልጄ አዲስ ሥዕል ሥላለች። ማቀዝቀዣው ላይ ልትለጥፈው ስትሞክር ቁመቷ አልደርስ አላት። አነሳኋት። ከሽጉጧ ይልቅ ብዙ ትከብዳለች፤ ግን አልተሰማኝም።

ለአዲስ አበባው ጓደኛዬ ይህን ሁሉ በስልክ አልነገርኩትም። «ሽጉጡን ለመድከው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ሽጉጡን ለምጄዋለሁ» ብቻ አልኩት። ዶሮ ግን አሁንም ቢሆን አላርድም።